ልጁ ዛሬ ዴይኬር ይሂድ ወይስ ቤት ይዋል?

ጠዋት ነው። ልብስ ልታለብሱት ስትሉ የልጁ ሰውነት ይፋጃል። ወይም ሌሊቱን ሲያስል ነው ያደረው። ወይም ያጎረሳችሁትን ሁሉ መለሰው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ሥራ ቦታ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ፣ እናንተም እንቅልፍ በዓይናችሁ አልዞረም። እንዲህ ባለ ሰዓት በሰከነ አእምሮ ማሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ልጃችሁ ደህና በሆነበት ቀን አንብቡት።

እኔ ነገሩን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ቀን ጠዋት የልጄ ሰውነት ትኩስ አለኝ። ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጠኋት። ብዙም ሳይቆይ ቀዘቀዘች፣ መጫወት ጀመረች፣ እኔም እፎይ ብዬ ወሰድኳት፤ ለሞግዚቶቹ ደግሞ ምንም አልነገርኳቸውም። እኩለ ቀን ገደማ ተደወለልኝ። ስደርስ ጥግ ላይ ተኝታ፣ ዓይኗ ደፍርሶ፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥታ አገኘኋት። ትኩሳቷ 39.4 ነበር። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳትን የሚያበርደው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ነው። አይቡፕሮፌን ትንሽ ይረዝማል፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። ጠዋት የሰጣችሁት መድኃኒት ልጁ ከእናንተ ርቆ እያለ ያልቃል፤ በሽታው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ የምትወስኑት ሽሮፑን ከመስጠታችሁ በፊት ነው። መጀመሪያ ለኩ፣ ልጁን በደንብ እዩት፣ ወስኑ። ከዚያ በኋላ ካመመው ስጡት፣ ማንም አይከለክላችሁም።

ጥያቄው «ይተላለፋል ወይ?» ብቻ አይደለም

አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው በሽታው ይተላለፋል ወይ የሚለውን ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አያዋጣም። የጉንፋን ቫይረስ ለምሳሌ ልጁ ገና ምልክት ሳያሳይ ወደ ሌላው መተላለፍ ይጀምራል። ማለትም ንፍጡ ሲታይ ጓደኞቹ ቀድመው አግኝተውት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ጆሮውን ያመመው ልጅ ሕመሙን ለማንም አያስተላልፍም፤ እያለቀሰና ጆሮውን እየያዘ ከሆነ ግን ለዴይኬር የሚሆን ቀን አይደለም።

እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ልጁ የዕለቱን ውሎ መዋል ይችላል ወይ? መጫወት፣ መብላት፣ ከሌሎች ጋር መንጫጫት፣ እንደ ሌላው ቀን መተኛት። ሁለተኛ፣ ሞግዚቶቹ እሱን ለማስታመም ሲሉ ሌሎቹን ልጆች ይተዋሉ ወይ? ቀኑን ሙሉ ካልታቀፈ የማይረጋጋ ልጅ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ዳይፐር የሚቀየርለት ልጅ፣ አንድ ሰው ለብቻው ይፈልጋል፤ ይህንን ደግሞ አብዛኛው ማቆያ አይችልም። ሦስተኛው፣ በሽታው የግድ ቤት ከሚያስቀምጡት አንዱ ነው ወይ? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ጥያቄ ውስጥ ከገባ ልጁ ቤት ይዋል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ቀላል መፈተኛ አለ። የሚወደውን መጫወቻ ፊቱ አስቀምጡና ትንሽ ጠብቁ። ንፍጡ እየወረደ መኪናውን የሚገፋ ልጅና መኪናውን አይቶ ፊቱን አዙሮ ደረታችሁ ላይ የሚለጠፍ ልጅ አንድ አይደሉም። ቴርሞሜትሩ የማያሳየውን ይህ ያሳያችኋል።

ትኩሳት

ትኩሳት የሚባለው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እጅን ግንባር ላይ ማድረግ ለጥርጣሬ ያህል እንጂ ለውሳኔ አይበቃም። ዲጂታል ቴርሞሜትር ይኑራችሁ፣ ባትሪውንም አልፎ አልፎ ፈትሹ። በብብት ሲለካ ከውስጥ ሙቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ በብብት 37.8 አይታችሁ ልጁም ከተጫጫነው «38 አልሞላም» ብላችሁ አትላኩት። ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ ወይም ሲሮጥ የቆየ ልጅ ሊሞቅ ይችላል። ገለጥ አድርጉት፣ ትንሽ ቆዩና እንደገና ለኩ።

ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ግን ሌላ ነው። 38 ከደረሰ የዴይኬር ነገር አይነሳም፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ነው የሚወሰደው። በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ያለ ሌላ ምልክት በትኩሳት ብቻ ሊጀምር ይችላል። ሐኪም ሳያየው መድኃኒት ሰጥቶ መጠበቅም ልክ አይደለም።

መቼ ይመለስ? ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሙሉ ትኩሳት ሳይኖረው ሲቆይ። «ያለ መድኃኒት» የሚለው ነው ዋናው። ማክሰኞ ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ካተኮሰው ረቡዕን ቤት ይውላል። ረቡዕ ማታም ደህና ከሆነ ሐሙስ ይሄዳል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ረቡዕ ጠዋት ላይ ነው፤ ትኩሳት ጠዋት ጋብ ብሎ ከሰዓት በኋላና ማታ የመነሳት ጠባይ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። የትኩሳቱ ቁጥር ከፍ ማለት ብቻውን የበሽታውን ክብደት አይነግራችሁም። 39.5 ሆኖ ውሃ የሚጠጣና የሚያወራ ልጅ አለ፤ 38.2 ሆኖ የደነዘዘ ልጅም አለ። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። አስፕሪን ለልጅ ትኩሳት አይሰጥም፤ ሬይ ሲንድረም ከሚባል አንጎልንና ጉበትን ከሚጎዳ ከባድ ችግር ጋር ይያያዛል። የፓራሲታሞል መጠን ደግሞ በልጁ ክብደት ነው የሚሰላው፣ ስለዚህ ለትልቁ የታዘዘውን ለትንሹ አትስጡ፤ ከሽሮፑ ጋር በሚመጣው መለኪያ እንጂ በቤት ማንኪያ አትለኩ።

ማስመለስና ተቅማጥ

እዚህ ላይ እኔ አልደራደርም። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ያስመለሰ ልጅ ቤት ይዋል። ሰገራው ከወትሮው በጣም ቀጥኖ የበዛ፣ ከዳይፐር እያለፈ የሚወጣ፣ ወይም ሽንት ቤት ለመድረስ ጊዜ የማይሰጠው ከሆነም እንዲሁ። ደም ከታየበት ደግሞ ሐኪም ይየው። የመመለሻው ሕግ እንደየማቆያው ይለያያል፤ አንዳንዱ ከመጨረሻው ተቅማጥ ወይም ትውከት በኋላ 24 ሰዓት ይላል፣ አንዳንዱ 48። ከቻላችሁ 48ን ያዙ። ሆድ የሚያውኩ ቫይረሶች ልጁ ደህና ከሆነ በኋላም በሰገራ መውጣታቸውን ይቀጥላሉ፣ ትንንሽ ልጆች ደግሞ እጃቸውንም መጫወቻውንም አፋቸው ውስጥ ነው የሚከቱት።

ኖሮ ቫይረስ የሚባለው አንድ ክፍል ልጅ በሁለት በሦስት ቀን ሊጥል ይችላል። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ይህን ቫይረስ በደንብ አይገድለውም። ሳሙናና ውሃ ነው የሚያዋጣው፣ በተለይ ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላ።

ቤት ሲውል ዋናው ሥራችሁ ፈሳሽ መተካት ነው። ኦአርኤስ የሚባለውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት በጥብጡ፣ በትንሽ በትንሹ ስጡ። የሚያስመልስ ልጅ ጠምቶት አንድ ብርጭቆ ቢጨልጥ መልሶ ያወጣዋል፤ በየደቂቃው በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ግን ይቆይለታል። አሰልቺ ነው፣ እጅም ይደክማል፣ ግን ይሠራል። ጡት የሚጠባ ከሆነ አታቋርጡ። ምግብ እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ ሲሻለው ራሱ ይጠይቃል።

ንፍጥና ሳል

ብዙ ወላጅ የሚጨነቀው በዚህ ነው፣ ግን በአብዛኛው ልጁ መሄድ ይችላል። ማቆያ የሚውል ትንሽ ልጅ በዓመት 8 ወይም 10 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው፤ እያንዳንዱ ደግሞ ሳምንት፣ አስር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ስታሰሉት የዓመቱ ሩብ ሊሞላ ነው። ንፍጥ በታየ ቁጥር ቤት ይዋል ቢባል ማንም ወላጅ አይሠራም። ልጁ ከተጫወተ፣ ከበላና ካላተኮሰው ይሂድ።

«ንፍጡ አረንጓዴ ሆኗል» የሚለውን በየጊዜው እሰማለሁ። ቀለሙ የሚለወጠው ሰውነት በሽታውን ለመዋጋት በሚልካቸው ነጭ የደም ሴሎች ምክንያት ነው። ተራ ጉንፋን ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ ንፍጡ ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ ብቻውን ባክቴሪያ አለ ማለት አይደለም፤ ስለዚህም ቤት ለማዋልም አንቲባዮቲክ ለመጀመርም ምክንያት አይሆንም። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካም።

ሳልም ጉንፋኑ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊጎተት ይችላል። ደረቅ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣና ልጁን የማይረብሸው ከሆነ ችግር የለም። ተከታትሎ የሚመጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ፣ መጨረሻው ማስመለስ የሆነ ሳል ግን ትክትክ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ትክትክ ከሆነ ልጁ አንቲባዮቲክ ጀምሮ 5 ቀን እስኪሞላው ቤት ይቆያል፤ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት ትክትክ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

አተነፋፈሱን ተመልከቱ። ልብሱን ከፍ አድርጉና ደረቱን እዩ፤ ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ የሚሰፋ ከሆነ፣ የሚያቃስት ከሆነ ወደ ሐኪም ሂዱ። ተረጋግቶ ሳለ ወይም ተኝቶ እያለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን መቁጠርም ይጠቅማል። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። እያለቀሰ አትቁጠሩ፣ ያሳስታችኋል።

ሽፍታ፣ ዓይንና ቆዳ

ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ቤት ይዋል፣ ሐኪም ይየው። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይላክ። ከታወቀ በኋላ እያንዳንዱ የራሱ ቀን አለው። ኩፍኝ ሽፍታው ከወጣ በኋላ 4 ቀን እስኪያልፍ ይተላለፋል። ጉድፍ ደግሞ ውሃ የቋጠሩት ሁሉ ደርቀው ቅርፊት እስኪይዙ ድረስ፤ አንድ እንኳ ያልደረቀ ካለ ገና ነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጆሮ ደግፍ እብጠቱ ከታየ በኋላ 5 ቀን።

የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ የሚባለው በማቆያዎች በጣም ይዘወተራል። መዳፍ፣ ውስጥ እግርና አፍ ላይ ትንንሽ ቁስሎች ይወጣሉ። ቫይረሱ በሰገራ ለሳምንታት ስለሚወጣ «እስኪጠፋ ይቆይ» ማለት አይቻልም። ትኩሳቱ ከለቀቀው፣ ለሃጩ ያለመጠን የማይዝረበረብ ከሆነና መብላት ከቻለ አብዛኛው ማቆያ ይቀበለዋል። ጉንጭን በጥፊ የተመታ አስመስሎ የሚያቀላ ሌላ ቫይረስ ደግሞ አለ፤ እሱ የሚተላለፈው ቅላቱ ከመውጣቱ በፊት ነው፣ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ አደጋው አልፏል። ቢሆንም ነፍሰ ጡር የሆነች ሞግዚት ካለች ንገሯት፤ ለፅንሱ ሊያሰጋ ስለሚችል ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል። ጉድፍም እንደዚሁ ነው።

በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ ማር የመሰለ ቅርፊት የሚያወጣ ቁስል ሕክምና ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ቤት ያስቀምጣል። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመምም አንቲባዮቲክ ከጀመረ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይጠይቃል፣ ትኩሳቱም መልቀቅ አለበት። እከክ የመጀመሪያው ሕክምና እስኪያልቅ። ቅማል? ማታ ታክሞ ጠዋት ይሂድ። የራስ ቅማል በሽታ አያስተላልፍም፣ ልጁን ከጓደኞቹ ፊት ማሳፈርም ፍጹም አያስፈልግም።

ዓይኑ ቀልቶ ትንሽ እንባ ቢያቀር ልጁ ደህና እስከሆነ ድረስ እንደ ጉንፋን ነው። ጠዋት ዓይኑ በመግል ተጣብቆ የሚነሳ ከሆነ፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም ካመመው ግን ሐኪም ይየው፤ ብዙ ማቆያም ሕክምና ሳይጀምር አይቀበልም።

ለሞግዚቶቹ እውነቱን ንገሩ

ልጁን ለመላክ ከወሰናችሁ ያደረበትን ሁኔታ ተናገሩ። «ሌሊት ሁለቴ ተነስቷል፣ ቁርስ በደንብ አልበላም፣ ዛሬ መድኃኒት አልወሰደም።» አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መድኃኒት ከሰጣችሁ ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ሳያውቁ ደግመው ቢሰጡት መጠኑ ይበዛል። ደግሞ አስቡት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ አስም ያለበት ልጅ ሊኖር ይችላል፣ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ ሰውነቱ በሽታ መቋቋም የማይችል ልጅ ሊኖር ይችላል። ለእናንተ ልጅ ቀላል የሆነው ለዚያ ልጅ ሆስፒታል ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚህም ሌላ አስቀድማችሁ የምትሠሩት የቤት ሥራ አለ። የማቆያውን የሕመም ሕግ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስንት ዲግሪ ይመልሳሉ፣ ከተቅማጥ በኋላ ስንት ሰዓት ይጠይቃሉ፣ የሐኪም ወረቀት ይፈልጋሉ ወይ። ሁለት ወላጆች ካላችሁ ተራችሁን ልጁ ጤነኛ እያለ ተነጋገሩበት። ሁልጊዜ አንዷ ወላጅ ብቻ ከሥራ የምትቀርበት ቤት ውስጥ ቅሬታ ይከማቻል፣ ቅሬታው ደግሞ ጠዋት ልጁ ባተኮሰ ሰዓት ነው የሚፈነዳው። ቀኑን ለሁለት መክፈልም ይቻላል፣ አንዱ እስከ እኩለ ቀን፣ ሌላው ከዚያ በኋላ። ብቻችሁን የምታሳድጉ ከሆነ ነገሩ በጣም እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ አንድ የምታምኑት ሰው፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት፣ «ልጄ ሲታመም ልደውልልህ እችላለሁ?» ብላችሁ አሁኑኑ ጠይቁ። ለአለቃችሁም ከሌሊቱ ጀምሮ ጥርጣሬ ካላችሁ በማለዳ አሳውቁ።

አንዳንድ ጠዋት ግን መልሱ አይታወቅም። ትኩሳት የለውም፣ ግን ልክ አይደለም። እንዲህ ሲሆን እኔ ከሞግዚቶቹ ጋር እነጋገራለሁ፤ «እስከ ምሳ ሰዓት እዩት፣ ካልሆነ ደውሉ፣ ወዲያው እመጣለሁ» እላለሁ። ይህ የሚሠራው በእውነት መምጣት በምችልበት ቀን ብቻ ነው። ስልኬን ዘግቼ ስብሰባ የምገባበት ቀን ከሆነ ልጄ ቤት ትውላለች።

ዴይኬሩን ትታችሁ ወደ ሕክምና የምትሮጡበት

መተንፈስ ከከበደው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ መጠጣትም መጥባትም ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ 8 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ካበጠ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ አንገቱ ከገተረ፣ ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ከወጣበት አትጠብቁ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ በደንብ ስለማይታይ መዳፉን፣ ውስጥ እግሩንና የዓይኑን ቆብ ውስጥ እዩ።

ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ። በትኩሳት ምክንያት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይታያል፣ አብዛኛውም በራሱ ያቆማል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን አምቡላንስ ጥሩ። ቢያቆምም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ከሞግዚቶቹም ስልክ ከመጣ አትከራከሩ። «ጠዋት እኮ ደህና ነበር» ማለት የሚቀናን እኛ ወላጆች ነን፣ እውነትም ደህና ሊሆን ይችላል። ግን አሁን ልጁን የሚያዩት እነሱ ናቸው። ስንት እንደለኩ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደጠጣ ጠይቁ፣ ከዚያ ቦርሳችሁን አንሱና ሂዱ።